ፖሊስ በብርበራና በፍተሻ ጊዜ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኢትዮጵያ የብርበራና የፍተሻ ሕግ መነሻው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ነው፤ ዋናው ዝርዝር ደግሞ በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 እና 33 ውስጥ ይገኛል። ሕገ መንግሥቱ ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር፣ በግል ይዞታው ያለ ንብረትም ከመያዝ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ተለይቶ በወጣ ዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ መሆኑንም ይገልጻል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ሁለት አንቀጾች አጫጭር ስለሆኑ አንድ መርማሪ በአንድ ቁጭታ አንብቦ ይጨርሳቸዋል። በሥራ ላይ ስህተት የሚበዛውም ሕጉ ከባድ ስለሆነ አይመስለኝም። ከብርበራው መቅደም የሚገባው ምክንያት ብርበራው ካለቀ በኋላ እየተፈለገ፣ ወረቀቱም ለተሠራው ሥራ ማስተካከያ ሆኖ እየተዘጋጀ ነው።

ማስረጃው ከተገኘ በኋላ ጥርጣሬውን መጻፍ

ብርበራ ሕጋዊ መሆኑ የሚለካው መርማሪው በሩን ከማንኳኳቱ በፊት በሚያውቀው ነገር ነው። አንድ መርማሪ ምንም በቂ ምክንያት ሳይኖረው ቤት ገብቶ የተሰረቀ ዕቃ ቢያገኝ፣ መገኘቱ ጥርጣሬውን ወደ ኋላ ተመልሶ በቂ ሊያደርገው አይችልም። በተቃራኒው ደግሞ በቂ ምክንያት ይዞ፣ ትእዛዝ አውጥቶ የገባ መርማሪ ምንም ሳያገኝ ቢወጣ ብርበራው ሕጋዊ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ልዩነት ያልተረዳ መርማሪ ባዶ እጁን መውጣትን እንደ ውድቀት ስለሚቆጥረው፣ የተፈለገው ሲጠፋ ሌላ ነገር ይዞ ለመውጣት ይገፋፋል።

ስለዚህ ጥቆማ ሲደርስ ማን እንደሰጠው፣ በምን ሰዓት እንደደረሰ፣ ጠቋሚው ነገሩን በዓይኑ ያየ ወይስ ከሌላ የሰማ መሆኑን፣ ዕቃው የት እንዳለ የተናገረውን ቃል በምርመራ መዝገቡ ላይ ወዲያውኑ ማስፈር ያስፈልጋል። «ከአስተማማኝ ምንጭ በደረሰን መረጃ መሠረት» የሚለው የተለመደ ሐረግ ለዳኛው የሚነግረው ነገር የለም። ምንጩን አስተማማኝ ያሰኘው ምን እንደሆነ ካልተጻፈ ሐረጉ ባይኖር ይሻላል።

ያለ ትእዛዝ ለመግባት የሚያስፈልጉትን ሁኔታዎች ነጣጥሎ መጠቀም

የአንቀጽ 32 መሠረታዊ ደንብ ያለ ብርበራ ትእዛዝ ማናቸውም ቤት አይበረበርም የሚል ሲሆን፣ የተፈቀዱት ልዩ ሁኔታዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ፖሊስ ወንጀል ፈጻሚውን እግር በእግር እየተከታተለው ሳለ ሰውየው ወደ አንድ ቤት ሲገባ ወይም የወንጀሉን ፍሬ እዚያ ሲጥል ነው። እዚህ ላይ ቁልፉ ነገር ክትትሉ አለመቋረጡ ነው። ተጠርጣሪው ከዓይን ከተሰወረና ፖሊስ ወደ ጣቢያው ተመልሶ በማግሥቱ የገባበትን ቤት ቢያውቅ፣ ያ ክትትል አብቅቷልና ትእዛዝ ማውጣት ግድ ይላል።

ሁለተኛው ብዙ ስህተት የሚፈጸምበት ነው። ሕጉ በዚህ ሁኔታ የሚጠይቃቸው ነገሮች አንድ ላይ ተሟልተው መገኘት አለባቸው። በአንቀጽ 14 መሠረት ክስ ወይም አቤቱታ የቀረበበት ወንጀል መኖር አለበት። ወንጀሉ ከ3 ዓመት በላይ በሆነ እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ለዚያ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ በተባለው ቦታ ተደብቋል ወይም ተቀምጧል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት የሚሰጥ መረጃ ለፖሊስ መድረስ አለበት። በመጨረሻም ትእዛዝ እስኪወጣ በሚፈጠረው መዘግየት ዕቃው ሊወሰድ ይችላል ብሎ ለማመን ጥሩ ምክንያት መኖር አለበት። በሥራ ላይ የሚታየው ግን ከእነዚህ አንዱን ብቻ፣ ያውም ብዙውን ጊዜ «አስቸኳይ ነበር» የሚለውን፣ ነጥሎ እንደ ሙሉ ፈቃድ መቁጠር ነው።

ከ3 ዓመት በላይ የሚለው መለኪያም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ስለሆነ፣ በመደበኛ ቀላል እስራት ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል ይህን መስፈርት አያልፍም ማለት ነው። መርማሪው ከመነሣቱ በፊት የሚመረምረውን ወንጀል የሚመለከተውን አንቀጽ ገልጦ የቅጣቱን ጣሪያ ማየት ይኖርበታል። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለመሥራት ጊዜ አልነበረኝም የሚል መርማሪ ደግሞ ወደ ቦታው ለመሄድ ተሽከርካሪ እስኪመጣ የጠበቀበትን ጊዜ ማስረዳት ይከብደዋል።

አስቸኳይነትም በግምት አይመሠረትም። ዕቃው ሊወሰድ ነው የሚያሰኘው ነገር ምን ነበር? ተጠርጣሪው ዕቃ ሲጭን ታይቷልን? ገዢ እንደሚመጣ ተነግሯልን? ፍርድ ቤቱ ክፍት ሳለ፣ በአቅራቢያው ሳለ፣ ቤቱንም ከውጭ መጠበቅ እየተቻለ ትእዛዝ ሳይጠየቅ ከቀረ፣ መዘግየቱ ያስከትል የነበረው ጉዳት በወረቀት ላይ እንጂ በተግባር አልነበረም። በር ላይ ጠባቂ አቁሞ ባልደረባን ወደ ፍርድ ቤት መላክ በብዙ ጉዳዮች ሁለቱንም ፍላጎት ያሟላል።

«ባለቤቱ ፈቅዶልናል» ብሎ መተማመን

አንቀጽ 32 ያለ ትእዛዝ ለመበርበር የሚያስችሉ ሁኔታዎችን ሲዘረዝር የባለቤቱን ፈቃድ አላካተተም። በመሆኑም ትእዛዝ ማውጣት በሚቻልበት ጊዜ ሁሉ በፈቃድ ላይ ብቻ መደገፍ አደገኛ ነው። መሣሪያ የያዙ ሁለት ሦስት ፖሊሶች በር ላይ ቆመው «እንግባ?» ሲሉ «ግቡ» የሚል ሰው በነጻ ፈቃዱ ተናገረ ወይስ እንቢ ማለት የማይቻል መስሎት የሚለው ጥያቄ በችሎት መነሣቱ አይቀርም፤ መልሱም ለፖሊስ የሚመች አይሆንም።

የፈቃዱ ባለቤት ማን እንደሆነ አለመለየት ነገሩን ይበልጥ ያባብሰዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራዮች በሚኖሩበት ሁኔታ የግቢው ባለቤት ዋናውን በር ከፈተ ማለት የተከራዩን ክፍል መበርበር ፈቀደ ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው የመኖሪያን ግላዊነት እንጂ የባለቤትነት ካርታን አይደለም፤ ተከራይም በተከራየው ክፍል የራሱ መኖሪያ አለው። በአንድ ቤት የሚኖር ሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ወንድም ወይም የቤት ሠራተኛ፣ የተጠርጣሪውን የተቆለፈ ሳጥን «ክፈቱት» ቢልም ነገሩ ያው ነው። የቀበሌ ሹም አብሮ መምጣቱም ትእዛዝን አይተካም። ሹሙ ታዛቢ ሊሆን ይችላል እንጂ የመበርበር ሥልጣን የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው።

ለፍርድ ቤቱ ጥቅል ማመልከቻ ማቅረብ

በአንቀጽ 33 መሠረት የብርበራ ትእዛዝ በማንኛውም ፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም ፍርድ ቤቱ ትእዛዙ ለፍትሕ ወይም ለምርመራው ዓላማ የሚጠቅም መሆኑን ሳያምንበት ሊሰጥ አይገባም፤ ትእዛዙም የሚፈለገውንና የሚያዘውን ዕቃ ለይቶ መግለጽ አለበት። «ለወንጀሉ ማስረጃ የሚሆኑ ማናቸውም ዕቃዎች» የሚል ማመልከቻ ይህን መስፈርት አያሟላም። አንዳንድ ዳኛ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቢቀበለው እንኳ ጣጣው በኋላ የሚመጣው በመርማሪው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ምን እንዲፈልግ ያልተነገረው ሰው የት ማቆም እንዳለበትም አያውቅም።

ጥሩ ማመልከቻ የቤቱን አድራሻ በግቢውና በክፍሉ ደረጃ ለይቶ፣ የሚፈለገውን ዕቃ በዓይነቱ፣ በቀለሙ፣ በመለያ ቁጥሩ ወይም በሌላ መታወቂያው ገልጾ፣ ዕቃው ከወንጀሉ ጋር ያለውን ግንኙነት በሁለትና ሦስት ዐረፍተ ነገር ያስረዳል። የዕቃው መጠን ሲታወቅ የብርበራው ስፋትም አብሮ ይወሰናል። የሚፈለገው ቴሌቪዥን ከሆነ የጌጣጌጥ ሳጥን ለመክፈት ምክንያት አይኖርም።

ከትእዛዙ ውጭ የሆነውን ሁሉ ይዞ መውጣት

ሕጉ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነው፤ በትእዛዙ ከተመለከተው በቀር ሌላ ንብረት መፈለግም መያዝም አይፈቀድም። በሌሎች አገሮች ፖሊስ በሕጋዊ መንገድ ገብቶ ሳለ በግልጽ የሚታይ የወንጀል ዕቃ ቢያገኝ እንዲይዝ የሚፈቅዱ ደንቦች አሉ፤ ከውጭ መጻሕፍት የተማሩ አንዳንድ ባልደረቦችም ደንቡን እንደ ራሳችን ሲጠቅሱት ይሰማል። የእኛ ሕግ ግን እንዲህ ያለ ሐረግ የለውም።

ታዲያ የተሰረቀ ኮምፒውተር ሊፈልግ የገባ መርማሪ አልጋ ሥር ያለ ፈቃድ የተያዘ የጦር መሣሪያ ቢያገኝ ዓይኑን ጨፍኖ ይውጣ ማለት ነውን? አይደለም። መያዙ ራሱ ወንጀል የሆነ ነገር በሰው እጅ ሲገኝ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 19 የተመለከተው የእጅ ከፍንጅ ወንጀል ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል፤ በአንቀጽ 50 መሠረትም ወንጀሉ ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ሰውየውን ያለ መያዣ ትእዛዝ መያዝ ይቻላል። ዕቃውን በተመለከተ ግን በእኔ አመለካከት የተሻለው መንገድ ባለበት ሁኔታ ፎቶ ማንሣት፣ ቦታውን ማስጠበቅ፣ ብርበራውን ማቆምና ለአዲሱ ጉዳይ ተጨማሪ ትእዛዝ መጠየቅ ነው። የሰው ሕይወት ላይ ቅርብ አደጋ ያለ እንደሆነ መሣሪያውን ከእጅ ማራቅ ግድ ይሆናል። ያኔም ያደረጉትንና ያደረጉበትን ምክንያት ወዲያውኑ መጻፍ ይገባል። መያዙ ወንጀል ያልሆነ ዕቃ፣ ለምሳሌ የቤተሰብ ገንዘብ፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች ላፕቶፕ፣ «ምናልባት ይጠቅም ይሆናል» በሚል ሰበብ ሲወሰድ ግን ስህተቱ ምንም ማስተባበያ የለውም።

ሰዓቱን አለማየት

ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠ በቀር ብርበራ የሚከናወነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ሌሊት መግባት ካስፈለገ ምክንያቱ በማመልከቻው ላይ ይጻፋል፤ ፍርድ ቤቱም ፈቃዱን በትእዛዙ ላይ ያሰፍራል። በቃል የተነገረ «ማታም ቢሆን ሂዱ» የሚል የአለቃ ትእዛዝ የሰዓት ገደቡን አያነሣም።

የመያዣ ትእዛዝን ለብርበራ መጠቀም

ሰውን ለመያዝ የተሰጠ ትእዛዝ ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ዕቃው የሚናገር አይደለም። ተጠርጣሪውን ሊይዝ የገባ ፖሊስ ሰውየውን ካገኘ በኋላ ቁም ሣጥን መክፈት ከጀመረ ሌላ ሥራ ጀምሯል፤ ለዚያ ሥራ ደግሞ የራሱ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ አስቀድሞ ከታወቀ አንድ ላይ መጠየቅ ይቻላል።

የተያዘን ሰው ሁሉ በልማድ መፈተሽ

የተያዘ ሰው ሁሉ ወዲያውኑ ይፈተሻል የሚለው ግንዛቤ ከአንቀጽ 32 ጋር አይጣጣምም። ሕጉ የሚለው ሰውየው ለተጠረጠረበት ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ነገር በላዩ ይዟል ተብሎ በአግባቡ ካልተጠረጠረ በቀር አይፈተሽም ነው። ፈታሹም ከተያዘው ሰው ጋር ተመሳሳይ ጾታ ያለው መሆን አለበት። በሥራ ቦታ ሴት ፖሊስ አለመኖሩ ወንድ ፖሊስ ሴት ተጠርጣሪን እንዲፈትሽ አይፈቅድም፤ ሴት ፖሊስ እስክትመጣ ሴትየዋን በአግባቡ እየጠበቁ መቆየት ይገባል።

ከልብስ አልፎ ወደ አካል የሚገባ ምርመራ ደግሞ የፖሊስ ሥራ አይደለም። አንቀጽ 34 የአካል ምርመራ ሲያስፈልግ፣ የደም ምርመራን ጨምሮ፣ በተመዘገበ ሐኪም እንዲደረግና ውጤቱም በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል።

ስልክን እንደ ኪስ ዕቃ መቁጠር

በሥነ ሥርዓት ሕጉ ዘመን ያልነበረው ነገር ዛሬ የብርበራው ዋና ቦታ ሆኗል። ከተያዘ ሰው ኪስ የወጣ ስልክ እንደ ቢላዋ ወይም እንደ ቁልፍ ያለ ዕቃ ብቻ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን የሰውየው ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የባንክ ዝውውርና የወዳጆቹ ሚስጥር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ንዑስ አንቀጽ 2 በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶች የማይደፈሩ መሆናቸውን ለብቻ የደነገገ ሲሆን፣ ይህም ስልኩን ከኪስ ማውጣትና ስልኩን ከፍቶ ማንበብ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች መሆናቸውን ያስገነዝባል።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለኮምፒውተር ወንጀል ምርመራ የኮምፒውተር ሥርዓትን ወይም በውስጡ ያለን ዳታ ለመበርበር የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚያስፈልግ ያዛል። አዋጁ ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ መርማሪው ዳታውን እንዲይዝ፣ ቅጂ እንዲወስድና ዳታው ሳይለወጥ እንዲጠበቅ የማድረግ ሥልጣንም ይሰጠዋል። ስለዚህ በጣቢያው ውስጥ «እስቲ ቴሌግራሙን ክፈትልኝ» ማለት ሁለት ጉዳት አለው። የመጀመሪያው የሕግ ነው። የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ የሚችል ነገር እንዲያምን እንደማይገደድ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 ይደነግጋል፤ በዛቻ የተነገረ የይለፍ ቃልም ወደዚህ ክርክር መግባቱ አይቀርም። ሁለተኛው የሙያ ነው። ስልክን ማብራትና መነካካት ብቻውን የፋይል ሰዓቶችን ይቀይራል፣ ያልተነበበ መልእክት የተነበበ ያስመስላል፤ ከኔትወርክ ጋር የተገናኘ ስልክ ደግሞ ከርቀት ሊጠፋ ይችላል። መደረግ ያለበት ስልኩን በተገኘበት ሁኔታ መዝግቦ ከኔትወርክ መለየት፣ አሽጎ ማስቀመጥና ትእዛዙ ሲወጣ ለባለሙያ መስጠት ነው።

ዝርዝሩን ጣቢያ ሄዶ መሥራት

አንቀጽ 33 ብርበራ ሲደረግ የተገኘውና የተያዘው ንብረት ዝርዝር እንዲዘጋጅ፣ በተቻለ መጠንም ገለልተኛ በሆነ ሰው ተረጋግጦ እንዲፈረም ይጠይቃል። ዝርዝሩ ጣቢያ ከተደረሰ በኋላ ከተሠራ ታዛቢው ያላየውን ነገር እንዲፈርም ይደረጋል፤ ይህ ታዛቢ በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ «እኔ የፈረምኩት የተጻፈውን እንጂ ያየሁትን አይደለም» ካለ መዝገቡ ዋጋ ያጣል። ገለልተኛ የሚለው ቃልም በሥራው ላይ ያልተሳተፈና ከጉዳዩ ጥቅም የሌለው ሰው ማለት እንጂ ፖሊስ ጣቢያ ሁልጊዜ የሚጠራው አንድ የታወቀ ጎረቤት ማለት አይደለም።

አጻጻፉም ዝርዝር ይሁን። «ጥሬ ገንዘብ» ከማለት መጠኑንና የኖቶቹን ዓይነት፣ «አደንዛዥ ዕፅ» ከማለት ክብደቱንና መጠቅለያውን፣ «ጥይት» ከማለት ቁጥሩን መጻፍ ይገባል። ዕፅ መሆኑን የሚወስነው ላቦራቶሪ ስለሆነ መርማሪው የሚጽፈው ያየውን ነው፤ «አረንጓዴ ቅጠል» ማለት አያሳፍርም። ኤግዚቢቱ፣ ማለትም ለማስረጃነት የተያዘው ዕቃ፣ ከዚያ በኋላ በማን እጅ እንደገባ፣ መቼና ለምን እንደወጣ የሚያሳይ ተከታታይ ፊርማ ከሌለው ደግሞ የብርበራው ሕጋዊነት ብቻውን አያድነውም።

የአስቸኳይ ጊዜን አሠራር ወደ መደበኛው ጊዜ ማሻገር

በሀገራችን በተለያዩ ዓመታት የታወጁ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ብርበራ እንዲደረግ ፈቅደው ያውቃሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ሊታገዱ ከማይችሉት ጥቂት መብቶች ውስጥ ስላልተካተተ ይህ ይቻላል። ነገር ግን አዋጁ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚጸድቅ፣ የቆይታ ጊዜውም እስከ 6 ወር የሚደርስና በየ4 ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልታደሰ የሚያበቃ ነው። ሥልጣኑም ከአዋጁ ጋር ያበቃል። በአስቸኳይ ጊዜ ሥራ የጀመረ ወጣት ፖሊስ ያንን አሠራር መደበኛው ሕግ አድርጎ ሊማረው ይችላልና፣ አዋጁ ባበቃ ማግሥት አለቆች አባላትን ሰብስበው ስለ አንቀጽ 32 እንደገና ማስረዳት ይገባቸዋል።

«ማስረጃው ከተገኘ ማን ይጠይቃል?» ማለት

በሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ ሁሉ ውድቅ ይሆናል የሚል አጠቃላይ ድንጋጌ በግልጽ አልተቀመጠም፤ በማስገደድ የተገኘውን ብቻ ሕገ መንግሥቱ ለይቶ ከልክሏል። አንዳንድ መርማሪዎች ከዚህ በመነሣት ማስረጃው እስከተገኘ ድረስ መንገዱ አያሳስብም ይላሉ። ይህ አደገኛ አስተሳሰብ ነው። ዳኛ ማስረጃን ሲመዝን የተገኘበትን ሁኔታ ያያል፤ ተከሳሽም ዕቃው በእኔ ቤት አልነበረም፣ ያስቀመጡት እነሱ ናቸው የሚል መከላከያ ሲያቀርብ ያለ ትእዛዝ፣ ያለ ታዛቢና ያለ ዝርዝር የተደረገ ብርበራ ይህን መከላከያ ያጠናክርለታል። ከዚያም በላይ የወንጀል ሕጉ ሥልጣንን አለአግባብ መገልገልንና የመኖሪያን ግላዊነት መድፈርን ይቀጣል፤ ማዕረግ ደግሞ ከዚህ አያድንም።

ስህተት ከተፈጸመ በኋላ ያለው ምርጫ ግን አሁንም በመርማሪው እጅ ነው። በምሽቱ 1 ሰዓት የተደረገን ብርበራ በመዝገብ ላይ «11 ሰዓት ተኩል» ብሎ መጻፍ ሊታረም ይችል የነበረውን የአሠራር ጉድለት ወደ ሐሰተኛ ሰነድ ወንጀል ይለውጠዋል። ያለ ትእዛዝ ከተገባ ያለ ትእዛዝ መገባቱን፣ ታዛቢ ካልነበረ አለመኖሩን፣ ሰዓቱ ካለፈ ማለፉን፣ ከነምክንያቱ እንደሆነው መጻፍና ለዐቃቤ ሕጉ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ማሳወቅ ይገባል። ዐቃቤ ሕጉ ያኔ ያለዚያ ማስረጃ ጉዳዩ ይቆም እንደሆነ ሊመዝን፣ ሌላ ምስክር እንዲፈለግ ሊያዝ ይችላል። ጉድለቱን በችሎት ከተከላካይ ጠበቃ አፍ ሲሰማው ግን ይህን ለማድረግ ጊዜው አልፎበታል።